ሰው ያልሞተባቸው ሦስት ሳምንታት

ኡኬ፣ ጥር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሊሊሴ ጨመዳ፣ ከኦቦ ቀነዓ ቀብር ያስቀረሽኝ አንቺ ነሽ። ሰላምታውን ዝቅ ብዬ እጽፋለሁ፤ መጀመሪያ ይህ ይታወቅልኝ።

ቅዳሜ ገበያ ላይ ሸዋገነት፣ ያቺ ከነቀምቴ ልብስ እያመጣች የምትሸጠው፣ ነጠላ ስመርጥ ትኩር ብላ ታየኝ ነበር። ዋጋ ቀንሺልኝ ስላት «እናንተ የኡኬ ሰዎች አንጀታችሁ ጨካኝ ነው» አለችኝ። ስለ ነጠላው መስሎኝ ተቆጣሁ። ለካ የምታወራው ስለ ኦቦ ቀነዓ ነው። ታኅሣሥ 20 ቀን ሞቶ በማግስቱ ተቀብሯል። ከኡኬ አንድ ሰው አልመጣም። ነጠላውን እዚያው ጥዬ ቤቴ ገባሁ።

አንቺ ልጅ ነሽና ላስረዳሽ። ቀነዓ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የእድራችን ጸሐፊ ነበር። ጡረታ ወጥተው ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ ሰፈር፣ ልጃቸው ፌኔት ዘንድ እስኪገቡ ድረስ የእነሱን ቤት ከእኔ ቤት የሚለየው አንድ አጥር ነበር፤ አጥሩም የወደቀ ነው። ሚስቱ ድርቤ ደግሞ መምህሬ ናት። በሃምሳ ስድስት ዓመቴ ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ናት። የጎልማሶቹ ትምህርት በቁቤ፣ በኦሮምኛው ፊደል፣ ነበር። እሷ ግን ሌሎቹን ከሸኘች በኋላ እኔን አስቀርታ ሀሁ ታስቆጥረኝ ነበር፤ የምታልሚበትን ቋንቋ ማንበብ አለብሽ እያለች። ይኸው አንቺን የምወቅስበትን ፊደል ያስያዘችኝ እሷ ናት።

ፌኔት ለምን አልደወለችም ትዪ ይሆናል። የቅርብ ሰው ሞት በስልክ አይነገርም፤ ይህን ታውቂያለሽ። ድሮ ሰው ይላክ ነበር። አሁን ሁሉም «ገጹ ላይ ወጥቷል» ብሎ ይቀመጣል። ገጹ የአንቺ ነው። ገጽሽ ከመምጣቱ በፊት ባቻ ነበረን፣ የእድሩ ጡሩምባ ነፊ። በዝናቡም በጭቃውም እየዞረ ማን እንደሞተ ይናገራል። አንቺ ስትመጪ ባቻ ተቀመጠ።

እኔ ገጽሽን በየቀኑ እከፍታለሁ። የበቆሎ ዋጋ አለ፤ የመንገድ ወሬ አለ፤ የጠፋ በሬ አለ። መርዶ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ የለም። ጎረቤቴ ሩክያና እኔ «ዘንድሮስ ሰው አልሞተም» ተባብለን አመሰገንን፤ እሷ በዱኣዋ፣ እኔ በጸሎቴ። ሰው እየሞተ ነበር ያመሰገንነው።

እኔ በ77 ከወሎ በመኪና ተጭኜ መጥቼ እዚህ የተራገፍኩ ሰው ነኝ። አርባ ዓመት ኖሬበትም ሰፋሪ ነው የምባለው። በዚህ ዘመን ከለቅሶ የቀረ ሰው ለምን እንደቀረ ራሱ አይናገርም፤ ሌላው ነው የሚተረጉምለት። ድርቤ ምን ብላ ተርጉማው ይሆን? እንቅልፍ ያሳጣኝ ይህ ነው።

ለምን ደበቅሽው? በወረቀት መልሺልኝ። ለሚኒባሱ ሹፌር ለጋሩማ ስጪው። በስልክ መጻጻፍ አልችልም፤ ጣቴ አንዴ ሁለት ፊደል ይጫናል።

አካም ጂርታ? ጤናሽ ደህና ነው?

አገኘሁሽ ይመር


ነቀምቴ፣ ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

አዴ አገኘሁሽ፣

አካም ጂርቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? እግዚአብሔር ያጥናዎት። ቀብሩ ስላመለጠዎ ከልቤ አዝኛለሁ።

አልደበቅሁም። የኦቦ ቀነዓ መርዶ በሞቱበት ቀን ከሰዓት በኋላ ወጥቷል፤ ፎቷቸው፣ የቀብሩ ሰዓትና የቤቱ አቅጣጫ ጭምር። አሁን ይህን ስጽፍልዎ እንኳ ስልኬ ላይ ይታየኛል። ጋሩማ ደብዳቤዎን ይዞልኝ መጥቶ መልስ ሲጠብቅ ስልኩን ተቀብዬ ከፈትኩት። የእሱ ላይ የለም። አንድ ሰፈር ቆመን፣ አንድ ገጽ ከፍተን፣ እኔ ጋ ሟቹ አሉ፤ እሱ ጋ የሉም። ወደ ኡኬ የሚሳፈሩ ሁለት ሴቶች ነበሩ። የእነሱም ላይ የለም።

አይቆጡኝና ልጠይቅዎ። ስልክዎ ላይ የተጫነ አዲስ ነገር አለ? ካለስ ማን ጫነው?

ሊሊሴ


ኡኬ፣ ጥር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሊሊሴ፣

በጥምቀት ምክንያት መልሴ ዘገየ፤ ይቅርታ። እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና አይደለሁም።

ለመጀመሪያው ጥያቄሽ መልሴ አዎ ነው። ለሁለተኛው፣ ዋለ ነው። ዋለ የእህቴ ልጅ ነው፤ እዚሁ መንገድ ዳር ስልክ ይጠግናል። ማስታወቂያ ከልካይ የሚባል ነገር በመስከረም ጫነልኝ። ለምን እንዳስጫንኩት ልንገርሽ። የሟች ስም ላነብ ስል ኳስ የሚመታ ጎረምሳ ዘሎ ይወጣል። ተወራረጂ ይለኛል። እኔን! ልዘጋው ብዬ ያችን የመዝጊያ መስቀል ምልክት ስነካት ሌላ ቤት ይዞኝ ይገባል፤ ካርዴን በልቶ ይመልሰኛል። ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆንኩ። ሦስተኛው ላይ መንገድ ዳር ቆሜ ተሳደብኩ፤ ሰው ዞሮ አየኝ። ከልካዩ ከተጫነ ወዲህ ኳሱም ጎረምሳውም የሉም። ካርዴም ይሰነብታል። በዚህ ጥፋት የለብኝም።

በጋሩማ አፍ ለላክሽው ለሦስተኛው ጥያቄ መልስ የለኝም። ሌሎቹ ስልኮች ላይ ማን እንደጫነው አላውቅም።

ድርቤን አይተሻታል? ስለ እኔ ያለችው ነገር አለ?

አገኘሁሽ


ነቀምቴ፣ ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

አዴ አገኘሁሽ፣

እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ አደረሰዎ። ይህን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ።

ነገሩ ተገኝቷል። በኅዳር የጻፉልኝ ደብዳቤ እጄ ላይ አለ። «እኛ አሮጊቶች የሞተ ሰው ፍለጋ ጣታችን እስኪዝል ወደ ታች አንወርድም። መርዶውን ከላይ አድርጊው» ይላል። እውነትዎን ነው ብዬ ታኅሣሥ 12 ቀን ወደ ላይ አወጣሁት። ከላይ ያለው ሣጥን አንድ ብቻ ነው፤ ማስታወቂያው የሚመጣበት። መርዶውን እዚያ ውስጥ ከተትኩት። ስልክዎ ላይ ያለው ከልካይ ሣጥኑን እንጂ ውስጡ ያለውን አያውቅም። ኦቦ ቀነዓን ከኳስ ተጫዋቹ አይለያቸውም። ሣጥኑን ሲዘጋ ደግሞ ባዶ ቦታ እንኳ አይተውም፤ ከታች ያለው ከፍ ይልና ይገጥማል። ስለዚህ ማንም የጎደለ ነገር አልታየውም። ስልኬ ላይ ብቻ አይቼ፣ በሌላ ስልክ ሳልሞክር «ወጥቷል» ብዬ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ጥፋቴ ይህ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ።

ስለ ውርርዱ ማስታወቂያ የጻፉት ልክ ነው። ወድጄው አይደለም። መጀመሪያ የነበሩኝ የዘር መደብሩ፣ የመድኃኒት ቤቱና የልብስ ሰፊው ማስታወቂያዎች ነበሩ። ሰው ማስታወቂያ ሲከለክል የሚያየው አነሰና እነሱ ተዉኝ። የጎደለውን ለመሙላት የከፋውን ተቀበልኩ። የከፋው ሲመጣ የሚከለክለው በዛ። አሁን ከኡኬ ገጹን ከሚከፍቱ አሥር ሰዎች ዘጠኙ ማስታወቂያ አያዩም። ገጹ ያለበት ቦታ ደግሞ የዓመት ኪራይ አለው፤ በመጋቢት ይታደሳል። እኔ የማድሰው አይመስለኝም። የካቲት መጨረሻ ላይ እዘጋዋለሁ። ይህን ከሰው ከሚሰሙ ከእኔ ይስሙት ብዬ ነው።

አዴ ድርቤን አይቻቸዋለሁ። ቢሮዬ ድረስ መጥተው ነበር። የተናገሩትን ግን እኔ አልጽፍልዎም። ራስዎ ሄደው ይስሙ።

ሊሊሴ


ኡኬ፣ ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሊሊሴ፣

ባለፈው ዋሽቼሻለሁ። በየስልኩ የጫንኩት እኔ ነኝ።

ዋለ ለእኔ ሲጭን አጠገቡ ቆሜ አየሁ። አስተማረኝ። ከስልክ ወደ ስልክ ማስተላለፍ ቻልኩ። ከዚያ አላረፍኩም። የሩክያን ጫንኩ፤ የጋሩማን ጫንኩ፤ በእድር ስብሰባ ተነሥቼ «ካርዳችሁ የሚበላ ወደ እኔ ኑ» አልኩ። ተሰለፉልኝ። ሃምሳ ስድስት ዓመት ስሟን መጻፍ የማትችል፣ በአውራ ጣቷ የምትፈርም ሴት ነበርኩ። አስተማሪዎችና ነጋዴዎች ስልካቸውን ይዘው ፊቴ ሲሰለፉ ምን እንደተሰማኝ ይገባሽ ይሆን? ሠላሳ ስምንት ስልክ ነው። አንዱንም ረስቼ አላለፍኩም።

የእድሩ ሊቀ መንበር ቂርቆስ ብቻ ቀረ፤ የእሱ ስልክ ባለ ቁልፍ ነው፤ ገጽ አይከፍትም።

የባሰውን አሁን ልጻፈው። ለመስቀል ድርቤን ልጠይቅ ነቀምቴ ሄጄ ነበር። የእሷንም ስልክ ተቀብዬ ጫንኩላት። ደስ ይበላት ብዬ ነበር። እንግዲህ የባሏን መርዶ እሷም አላየችውም ማለት ነው። ፎቶውን ስትፈልግ ታጣዋለች፤ የደበቅሁባት ደግሞ እኔ ነኝ። ያውም በቤቷ ተቀምጬ፣ ምሳዋን በልቼ።

ሄደው ይስሙ አልሽኝ። ሁለት ጊዜ መናኸሪያ ድረስ ሄጃለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ጋሩማ ቦታ ይዞልኝ ሳልሳፈር ተመልሻለሁ። ምን ብዬ እገባለሁ? መጀመሪያ ያልኩሽን ሁሉ ተመልሼ አየሁት። አንቺን ጥፋተኛ ያደረግሁት ሌላ ሰው ስላልነበረኝ ነው።

የምትቆጪኝ ከሆነ አሁን ተቆጪኝ።

አገኘሁሽ


ኡኬ፣ የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሊሊሴ፣

ሦስት መስመር ደብዳቤሽ ደረሰኝ። አልተቆጣሽም፤ «ይሂዱ» ብቻ አልሽ። ሄድኩ። በደጃፍሽ በባጃጅ አልፌ ሳልገባ በመመለሴ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ፊቴ የሚታይ አልነበረም።

እኛ ወሎዬዎች ለቅሶ ስንደርስ ከአጥር ጀምረን ነው የምናለቅሰው። አፌን ከፈትኩ፤ ድምፄ እምቢ አለኝ። ሳላለቅስ ገባሁ። ድርቤ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ቀና ብላ አየችኝና «መጣሽ? መንገዱ ተከፈተ?» አለችኝ።

የምን መንገድ እንደሆነ አልገባኝም። ፌኔት ናት ወደ ጓዳ ወስዳ የነገረችኝ። ቀብሩ ላይ ሰው «የኡኬ እድር የት አለ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ድርቤ «መንገድ ተዘግቶባቸው ነው» እያለች ትመልስ ነበር። አንዱ «እኔ ዛሬ ጠዋት በዚያው መጣሁ፤ ክፍት ነው» ቢላት «ለእነሱ ተዘግቷል» አለችው። ለቅሶው እስኪነሣ ድረስ መልሷ ይኸው ነበር። አንቺ ጋ የመጣችውም ይህንኑ ልትጠይቅ ነው አሉ፤ መንገዱ መቼ እንደሚከፈት ገጹ ላይ ወጥቶ እንደሆነ።

እኔ ምን ብላ ተርጉማው ይሆን እያልኩ ስንት ሌሊት ሳልተኛ ያደርኩት ለዚህ ነው።

ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት። ከልካዩን፣ ስብሰባውን፣ መስቀል ዕለት የጫንኩላትን። ምስሩን እየለቀመች ሰማች። ስጨርስ ስልኳን ከጉያዋ አውጥታ ሰጠችኝ። በየቀኑ ከፍታ ትፈልገው እንደነበር፣ አንቺ የረሳሽው መስሏት ለመጠየቅም አፍራ እንደቀረች ነገረችኝ። አንድን ገጽ ብቻ ለይቶ መፍቀድ እንደሚቻል ዋለ አሳይቶኝ ነበር። በጣቴ ነካሁት። ቀነዓ ወጣ። ጡረታ ሲወጣ ያሰራትን ክራቫት አስሮ።

ድርቤ መነጽሯን ሳታነሣ «አንብቢልኝ» አለችኝ።

አነበብኩላት። የተወለደበትን፣ ያስተማረበትን፣ የልጆቹንና የልጅ ልጆቹን ስም፣ የቀብሩን ሰዓት። አንድም ቦታ አልቆምኩም። ድሮ አንድ ፊደል ስስት አገጯን ከፍ ታደርግ ነበር፤ አሁን አላደረገችም። ስጨርስ «የሰው ባል የሚቀሙ ሴቶች አውቃለሁ፤ የሚደብቅ ግን ከአንቺ በቀር አላየሁም» ብላ ሳቀች። እኔ ያኔ ነው ያለቀስኩት። እሷ ምስሯን ወደ ጎን አድርጋ አብራኝ አለቀሰች። ለቅሶ ደረስኩ ማለት ይህ ከሆነ ደረስኩ።

ስወጣ ገጹ ሊዘጋ እንደሆነ ነገርኳት። ከበሩ ላይ መለሰችኝ።

«ቀነዓ ጸሐፊ ሳለ ባቻን በባዶ እግሩ ልኮት ያውቃል?»

መልስ አልጠበቀችም። እኔም መንገዱን ሙሉ እሱን ሳስብ መጣሁ። እሑድ ስብሰባ አለን። እስከዚያ እንዳትዘጊ።

አገኘሁሽ


ነቀምቴ፣ የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

አዴ አገኘሁሽ፣

ደብዳቤዎን ቆሜ ነው ያነበብኩት። ጋሩማ «ምን ሆንሽ?» አለኝ፤ ምንም አልኩት።

መርዶው ከትናንት ጀምሮ የራሱ ሣጥን አለው። ማስታወቂያ የሚባል ነገር አጠገቡ አይደርስም፤ የሚከለክልም የማይከለክልም ያየዋል። ሦስት ስልክ ተበድሬ ሞክሬዋለሁ። የውርርዱንም አንሥቻለሁ። የዘር መደብሩ ሰው «ሰው የሚያየኝ ከሆነ እመለሳለሁ» ብሏል። ይህ ግን ለመጋቢት አይደርስልኝም፤ እውነቱን ልንገርዎ።

አንድ ነገር አልገባኝም። የባቻ ባዶ እግር ምንድን ነው? አዴ ድርቤን ብጠይቃቸው «አገኘሁሽ ትጻፍልሽ» አሉኝ።

ሊሊሴ


ኡኬ፣ የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሊሊሴ፣

አካም ጂርታ? እኔ ዛሬ ደህና ነኝ። እንዲህ ብዬ ከጻፍኩ ቆየሁ።

የጠየቅሽኝ ይህ ነው። ባቻ ጡሩምባ ሲነፋ በነበረበት ዘመን ከእሱ የእድር መዋጮ አይጠየቅም ነበር። በየመስከረሙ ደግሞ እድሩ ጫማ ይገዛለታል፤ የሚዞረው በእግሩ ነውና። አንድ ዓመት ሰው «ጫማው ይቅር» ሲል ቀነዓ መዝገቡን ዘግቶ «ጫማው ካልተገዛ ስም አልጠራም» ብሎ ተቀመጠ። ተገዛ። ከዚያ ወዲህ የተከራከረ የለም። ገጽሽ ሲመጣና ባቻ ሲቀመጥ ግን ጡሩምባውን ከአንቺ እየሰማን ጫማውን ረሳነው። በነጻ የመጣ መሰለን። እግር የሌለሽ ይመስል።

እሑድ ተነሥቼ ይህንኑ ተናገርኩ። መጀመሪያ ሠላሳ ስምንቱን ስልክ የዘጋሁት እኔ እንደሆንኩ ተናዘዝኩ፤ ጉርምርምታ ሆነ፤ ይገባኛል። ቂርቆስ «ገጽ በአየር ላይ ነው የሚሄደው፣ ጭቃ አይረግጥ፣ ጫማ ምን ያደርግለታል?» አለ። ሩክያ ከኋላ ሆና «አንተ ስትሞት እንግዲህ ራስህ ዞረህ ንገር» አለችው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቂርቆስም ሳቀ።

እንዲህ ተስማማን። ከአንቺ መዋጮ የለም። በየመስከረሙ የጡሩምባ ጫማ ይገዛልሻል፤ ዋጋው በስልክ ይላክልሻል። የዘንድሮው ስላለፈ አሁኑኑ ይላክ ተባለ፤ ነገ ይደርስሻል። ቂርቆስ ለጉቴና ለነቀምቴ እድሮች ሰው ልኳል፤ መርዷቸውን የምታወጪላቸው ሁሉ ጫማ አለባቸው ብሎ። ሁለቱ እሺ ብለዋል። መጋቢትን ታልፊያለሽ። ዋለ ደግሞ ስብሰባው ሲበተን በር ላይ ተቀምጦ የሁሉንም ስልክ ለገጽሽ ከፈተ። እኔ አጠገቡ ቆሜ አንድ በአንድ አየሁ፤ ሠላሳ ስምንት። የዘሩንና የመድኃኒቱን ማስታወቂያ እናያለን፤ እነሱ ሰው ላይ ዘለው አይወጡም። ኳስ የሚመታው ግን ተመልሶ ቢመጣ ከልካዩን እንዴት እንደሚጫን አልረሳሁም።

ከጋሩማ የምትቀበይው ካርቶን ከባቻ ነው። እድሩ ጫማ ሲል ገንዘቡን ማለቱ እንደሆነ ያልገባው መስሎኝ ልነግረው ነበር። እሱ ግን «ገብቶኛል፤ ያ ከእድሩ ነው፤ ይህ ከእኔ» አለኝ። የራሱን የመጨረሻ ዓመት ጫማ ሳያደርገው አስቀምጦት ኖሯል፤ ሸጦ የሴት ገዛበት። ቁጥሩን በግምት ነው። ካልሆነሽ እሱ እንዳይሰማ።

ድርቤ የአርባውን ቀን ለኡኬ ሰዎች ስትል አስተላልፋዋለች፤ ቅዳሜ አንድ ሚኒባስ ሙሉ ሆነን እንመጣለን። ጋሩማ ሒሳብ አልቀበልም ብሏል። በመንገዱ ስናልፍ አንቺ ጋ እገባለሁ። ፊትሽን አላውቀውም፤ ስምሽን ግን በጥር 5ቱ ደብዳቤ ላይ ጠርቼ የወቀስኩበትን ቦታ አውቀዋለሁ፤ አስፍቼ ብሰርዘው ደስ ይለኛል፤ ደብዳቤውን ይዘሽልኝ ቆዪ።

እኔ አገኘሁሽ ይመር፣ ገጽሽ ላይ መርዶ ባጣሁ ቀን፣ ከእንግዲህ ሰው አልሞተም ብዬ ዝም ብዬ አላመሰግንም።